ከጋፋት እስከ ቤተልሔም፦ ሥልጠና በድርጅት ውስጥ የሚጸናበት መንገድ

የሰው ሀብት ልማት የሚባለው አንድ ድርጅት የሠራተኞቹን ዕውቀት፣ ክህሎትና የሥራ ባህል በዕቅድና በተከታታይ የሚያሳድግበት አሠራር ነው። ሥልጠና የዚህ አሠራር አንድ ክፍል ሲሆን፣ ሠራተኛው ዛሬ የተመደበበትን ሥራ በሚገባ እንዲወጣ የሚያስፈልገውን የተወሰነ ክህሎት በተወሰነ ጊዜ ማስጨበጥን ይመለከታል፤ ልማት ግን ከዚህ ሰፍቶ ሠራተኛው ነገ ለሚረከበው ኃላፊነት፣ ድርጅቱም ገና ላልጀመረው ሥራ የሚዘጋጁበትን መንገድ ሁሉ ያጠቃልላል። ስያሜው በትምህርቱ ዓለም የተለመደው አሜሪካዊው ሌናርድ ናድለር እ.ኤ.አ. በ1969 ካስተዋወቀው ወዲህ ቢሆንም፣ ነገሩ ራሱ ከስያሜው እጅግ ይቀድማል፤ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ኖሮት፣ ያ ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበትን መንገድ ያላበጀ ማኅበረሰብ የለምና።

ለዚህ ትምህርት የተመረጠው አገር የጉና ተራራ ዙሪያ፣ ማለትም ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ነው። በዚህ አገር በአንድ ወገን ኢትዮጵያ ካየቻቸው የቴክኒክ ሥልጠና ሙከራዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተቋርጧል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ያለ መንግሥት በጀት፣ ያለ ሥልጠና ማንዋልና ያለ አበል ለብዙ ትውልድ የዘለቀ የሥልጠና ሥርዓት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ሁለቱን አስተያይቶ መመርመር፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ ውጤቱ ለምን ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ለመረዳት ከብዙ የውጭ መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ መነሻ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ የቆመበት ሐሳብም ይህ ነው፤ ሥልጠና በድርጅት ውስጥ የሚጸናው ሠልጣኙ ጥሩ አድርጎ ስለተማረ ብቻ ሳይሆን፣ የተማረው ሰው ተከታዩን የማስተማር ግዴታ፣ ይህንንም የሚፈጽምበት ቦታና ክብር ሲኖረው ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር በስተሰሜን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከውጭ የተገዛ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚሠራ እጅ ይፈልጉ ነበር፤ በ1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩትም ባለሙያዎች አፈላልጎ እንዲያመጣላቸው ነው። ጋፋት ላይ የተቀመጡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም የመጡ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር አጣምረው እንዲያገለግሉ የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ይገኙበታል። ትውልዱ ከፖላንድ የሆነው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ከእነርሱ ጋር ተቀላቅለው ሠርተዋል። በዚያው በጋፋት ወጣት ኢትዮጵያውያን ማንበብና መጻፍን ከቴክኒክ ክህሎት ጋር የሚቀስሙበት ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ስለነበር፣ ስፍራው መሣሪያ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሠለጥንበትም ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አሠልጣኞቹ ራሳቸው መድፍ መሥራት የማያውቁ መሆናቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩ ሲያዟቸው ሙያችን አይደለም ብለው ነበር፤ ትእዛዙ ግን አልተነሣም፤ በመሆኑም ሙከራው ከውድቀት እየተማረ ወደ ፊት ሄደ። ነሐስ አቅልጦ ትልቅ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ በቃል ብቻ የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም። የሸክላው ቅርጽ በውስጡ ርጥበት ከቀረበት የቀለጠው ነሐስ ሲገባበት እንፋሎት ይፈጠርና ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፤ ምድጃው በቂ ሙቀት ካላገኘ ነሐሱ ቅርጹን ሳይሞላ መንገድ ላይ ይረጋል፤ አፈሳሱ ከተቆራረጠ መድፉ የሚፈነዳበት ደካማ መገጣጠሚያ ይፈጠራል። ሠራተኛው ሸክላው መድረቁን ሲያንኳኳው በሚሰጠው ድምፅ፣ ነሐሱ መድረሱን ደግሞ በቀለሙ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ማይክል ፖላኒ የተባለው ፈላስፋ ይህን ዓይነቱን፣ ባለቤቱ እየሠራበት በቃል ዘርዝሮ ሊያስረዳው የማይችለውን ዕውቀት ከሚጻፈው ዕውቀት ለይቶ አጥንቶታል፤ በአማርኛ ስውር ዕውቀት ሊባል ይችላል። ይህ ዕውቀት የሚሻገረው ጌታውና ደቀ መዝሙሩ አንድ ምድጃ ፊት ለረጅም ጊዜ አብረው ሲቆሙ ብቻ ነው።

የሙከራው ፍሬ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እየተቀደደለት፣ የበሸሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ፤ ይህ ጉዞ በራሱ የመንገድ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከወጡ በኋላ የጋፋት ሥራ ተመልሶ አልቆመም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች መቅደላን ከወጋው ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ ሙያውን የቀሰሙት ኢትዮጵያውያን ደግሞ የሚሰበሰቡበት ሥፍራ፣ የሚቀጥራቸው ወገን፣ ተከታይ የሚያወጡበትም ጉባኤ አልቀረላቸውም።

ስለ ጋፋት ሲነገር ጥፋቱን ሁሉ በጦርነቱ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ጦርነቱ ከባድ ምክንያት መሆኑ አይካድም፤ ይሁንና ሌሎች ብዙ ሙያዎች ከብዙ ጦርነት ተርፈዋልና መልሱ በዚህ ብቻ አይሞላም። በጋፋት አሠራር ውስጥ ዕውቀቱ የተንጠለጠለው በጥቂት የውጭ ሰዎች ላይ ነበር፤ እነዚህን ሰዎች የሚተካ ኢትዮጵያዊ ዋና ሠራተኛ የሚሾምበት ደረጃ አልተበጀም፤ ምርቱንም የሚፈልገው አንድ ሰው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የብረት ሥራ በዘመኑ ማኅበረሰብ ዘንድ የነበረው ስፍራ ዝቅተኛ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ የሚሸሽበት፣ በጋብቻም በማዕድም የሚገለልበት አገር ውስጥ፣ ሥልጠናው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለሠልጣኙ የሚያስገኝለት ማዕረግ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው፣ ነውሩ ከመቅደላ አርባ ዓመት በኋላም ምን ያህል ጠንቶ እንደነበር ያሳያል። የዛሬ ድርጅቶች የሙያ ዕድገት መሰላል የሚሉት፣ ማለትም ሠራተኛው በሙያው ሳለ ደረጃውና ደመወዙ የሚያድግበት ሥርዓት፣ መልስ የሚሰጠው ለዚሁ ጥያቄ ነው፤ ጎበዝ ቴክኒሺያን ሁሉ ለዕድገት ሲል መሣሪያውን አስቀምጦ የቢሮ ወንበር የሚመኝበት መሥሪያ ቤት ዛሬም የጋፋት ሕመም አልለቀቀውም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንት ሲዘለቅ የሚገኘው ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚገኝባቸው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ድጓ በትውፊት የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሆነው፣ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት ዜማ የሚይዘው ታላቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ምስክር የሚባለው ደግሞ ተማሪው በሌላ ደብር፣ በሌላ መምህር ዘንድ ዓመታት ፈጅቶ የተማረውን ይዞ ወደ ማእከሉ በመሄድ እንደገና የሚፈተንበትና የሚታረምበት ሥርዓት ነው። ዜማው በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ሲዜም ቃሉ ላይ የተጻፉትን ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘትና ሌሎቹንም ምልክቶች መጠበቅ ስላለበት፣ አንዲት ድፋት የምትወድቅበትን ፊደል መሳት እንደ ስሕተት ይቆጠራል። ተማሪው በጎጃም ተማረ፣ በወሎ ተማረ፣ የመጨረሻ መለኪያው የቤተልሔሙ ድጓ ነው፤ አስመስክሮ የወጣም ሰው በሄደበት ደብር ሁሉ የድጓ መምህር ለመባል ተቀባይነት ያገኛል።

በዘመናዊው አነጋገር ይህ የብቃት ምዘና ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ሲኦሲ እየተባለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ማረጋገጫም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያስተማረውና የመዘነው አካል ይለያይ፣ መለኪያውም በየስፍራው አንድ ይሁን የሚል ነው። ይሁን እንጂ የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት ያጸናው ምዘናው ብቻ አይደለም። በጉባኤ ቤት መምህሩ ብቻውን አያስተምርም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ከታች ያለውን ያስቀጽላል፣ ማለትም ከመምህሩ የተቀበለውን ትምህርት ዝቅ ካለው ተማሪ ጋር ደጋግሞ እየከለሰ ያጠናዋል። ስለዚህ ማስተማር የሚጀምረው ከምርቃት በኋላ ሳይሆን በመማር መካከል ነው፤ ተማሪው ያልገባውን ነገር የሚያውቀውም ለሌላው ሲያስረዳ ሲደናቀፍ ነው። መምህሩ ሲያርፍ ወይም ሲታመም ጉባኤው አይበተንም፤ ወንበሩን የሚተካ፣ ሲያስቀጽል የኖረ ደቀ መዝሙር ከዚያው ይነሣልና። ጋፋት ያጣው ይህን ነበር።

ይህን ሲሉ ግን የጉባኤ ቤቱን ሥርዓት ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ትምህርቱ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ተማሪው ሌት በብርድ፣ ቀን በልመና ይፈተናል፤ የተላለፈውን እንደ ነበረ ለመጠበቅ የተበጀ እንጂ አዲስ ነገር ለመፍጠር የታሰበ አይደለም። ለዜማ ጥበቃ ይህ ጥንካሬው ነው፤ መሣሪያው በየአምስት ዓመቱ ለሚለወጥበት ጋራዥ ወይም ሆስፒታል ግን እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። ሊወሰድ የሚገባው አሠራሩ ነው፤ ይኸውም ከላይ ያለው ከታች ያለውን የማስቀጸል ግዴታው፣ የመለኪያው ከአስተማሪው መለየት፣ አስመስክሮ ለወጣውም ሰው የሚጠብቀው የታወቀ ማዕረግ ነው።

የውጭው ዓለም ኢንዱስትሪም በራሱ መንገድ ወደዚሁ አሠራር ደርሷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በአጭር ጊዜ ብዙ መርከብ ሠሪ ማፍራት ስላስፈለጋት ቻርልስ አለን የተባለ የሙያ አሠልጣኝ አራት ደረጃ ያለው የማስተማሪያ መንገድ ቀየሰ፤ ሠልጣኙን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ራሱን ማሠራት፣ ከዚያም መፈተን ነው። በሁለተኛው ጦርነት ይኸው መንገድ ተሻሽሎ በየፋብሪካው ለሚገኙ የሥራ መሪዎች ተሰጠ፤ ይህም አንድ ፎርማን ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያሠለጥን ራሱ እንዲሠለጥን ማድረግ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ወደ ጃፓን ተሻግሮ ዛሬ ካይዘን ለሚባለው የተከታታይ ማሻሻያ ፍልስፍና አንዱ ምንጭ ሆነ፤ ካይዘንም በጃፓን ድጋፍ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ካይዘን በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ አንዳንዴ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰሌዳና የዕቃ አደረጃጀት ብቻ ሆኖ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው፤ ዋናው ነገሩ የቅርብ አለቃው አስተማሪ መሆኑ ነበርና።

ከአገር ውስጥ ተቋማት መካከል ከጋፋት ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም እንደ ጋፋት ሁሉ በውጭ ሰው እጅ ነበር፤ አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም በስምምነት ከአሜሪካው አየር መንገድ ቲ ደብሊው ኤ የመጡ ነበሩ። ልዩነቱ ስምምነቱ የውጭዎቹን በኢትዮጵያውያን የመተካት ዓላማ ያነገበ፣ ለዚህም በድርጅቱ ውስጥ የአብራሪዎችና የቴክኒሺያኖች ማሠልጠኛ የተቋቋመ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚህ ሹመት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቷል፤ ይህም ሥልጠናን በአንድ የበጀት ዓመት ውጤቱ እንዲታይ ለሚጠይቅ አመራር ጥሩ ማስታወሻ ነው። የአሜሪካውያኑ መሄድ ድርጅቱን ያላፈረሰው፣ ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዳቸው ጎን ተተኪ ሆኖ የቆመ ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ ጉና ዙሪያ ሲመለሱ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ለየት ያለ፣ ነገሩንም የሚያወሳስብ አንድ ታሪክ በሜዳው በኩል ይገኛል። የጉናን ወራጅ ውኃ ይዘው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በሚያቋርጡት የፎገራ ሜዳ ላይ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሻጋና በደራ ጅግና በነበሩት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት አማካይነት የሩዝ አዝመራን አስተዋወቁ። ማኅበራቱ በሥርዓቱ ለውጥ ጊዜ ፈረሱ፤ ባለሙያዎቹም ወደ አገራቸው ሄዱ። እንደ ጋፋት ቢሆን ኖሮ ሩዙም በዚያው በቀረ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ከማኅበሩ ማሳ ዘሩን ወደ ራሱ ማሳ አዛወረ፤ ጎረቤቱ ከጎረቤቱ አየ፤ ሜዳው ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ሌላ ሰብል የማይሆንለት መሬት ሩዙን ተቀበለ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እናቶች የሩዝ ዱቄትን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ መጋገርን ለመዱ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ሲሆን፣ ዛሬ ፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ያለበት ሆኗል። እዚህ ላይ ድርጅቱ ሞቶ ዕውቀቱ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስላል፤ ተማሪው ራሱ ተጠቃሚ ነበር፣ የተማረውንም በማግስቱ በገዛ ማሳው ይሞክረው ነበር፣ ያላወቀውንም ከአጥር ማዶ ይጠይቅ ነበር። የዛሬ መሥሪያ ቤት ሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ያጣል።

ይህን በቅርብ ለማየት አንድ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤትን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ካርታ ሥራ አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይመጣል እንበል፤ ከየወረዳው አንድ ባለሙያ ለአምስት ቀን ወደ ባሕር ዳር ይጠራል። ማን ይሂድ የሚለው ሲወሰን ሥራውን በእጁ የሚሠራው ሰው ከመታሰቡ በፊት ማን ተራው ነው፣ ባለፈው አበል ያልደረሰው ማነው የሚለው ይታሰባል፤ አበሉ ከደመወዙ ጋር ሲነጻጸር የሚናቅ ባለመሆኑ በዚህ ሠራተኛውን መውቀስ ቀላል፣ ግን ፍትሕ የጎደለው ነው። ሠልጣኙ ማስረጃውን ይዞ ይመለሳል፤ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ የተጫነበት ኮምፒውተር ከሁለት ወር በኋላ ይደርሳል፤ እስከዚያ የተማረው ግማሹ ጠፍቷል። የአሠልጣኞች ሥልጠና ወስዶ ከሆነ ደግሞ ለባልደረቦቹ ያወርዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ የአምስቱ ቀን ትምህርት በግማሽ ቀን ገለጻ፣ እርሱም በስላይድ ንባብ ይወርዳል። ከስድስት ወር በኋላ ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል ወይም ሥራ ይለቃል፤ ጽሕፈት ቤቱም ወደ ባሕር ዳር ሌላ ሰው ይልካል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሥልጠናው መጥፎ ነበር ለማለት አይቻልም፤ አሠልጣኙ ብቁ፣ ሰነዱም የተሟላ ሊሆን ይችላል። የጎደለው ከሥልጠናው በፊትና በኋላ ያለው ነው። በፊት ሊኖር የሚገባው የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ይባላል፤ ይህም ሥራው የሚጠይቀው ክህሎትና ሠራተኛው ያለው ክህሎት ተነጻጽረው ክፍተቱ የሚለይበት ጥናት ነው። ዳሰሳው በቅንነት ከተሠራ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ችግሩ የሥልጠና እጥረት አለመሆኑን ነው፤ መሣሪያ የሌለው፣ ሥልጣን ያልተሰጠው ወይም ሦስት ሰው የሚሠራውን ብቻውን የተሸከመ ሠራተኛ በሥልጠና አይፈወስም። በኋላ ሊኖር የሚገባውን በተመለከተ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባሳተመው ሐሳብ ሥልጠና በአራት ደረጃ ይመዘናል ይላል፤ ሠልጣኞቹ ወደዱት ወይ፣ ተማሩ ወይ፣ በሥራቸው ላይ ተለወጡ ወይ፣ የድርጅቱስ ውጤት ተሻሻለ ወይ የሚሉት ናቸው። በሥልጠና መዝጊያ ዕለት የሚሞላው ቅጽ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምግቡና ስለ አሠልጣኙ አቀራረብ ይጠይቅና እዚያው ላይ ያበቃል፤ የሚለካው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው ማለት ነው። ባለጉዳዩ ካርታውን ቀድሞ ከሚወስድበት ጊዜ ባጠረ ጊዜ ወሰደ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ እምብዛም አይታይም።

በዚህ ረገድ የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተለይቶ የሚታይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ዐሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከሚያገለግሉበት ማኅበረሰብ እየተመለመሉ፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ፕሮግራሙን ከሌሎች የለየው የሥልጠናው ርዝመት አልነበረም። ሠልጣኟ ቋንቋውንና ሰዉን የምታውቅበት አገር ነው የተመደበችው፤ ምን እንደምትሠራ በዝርዝር ፓኬጆች ተወስኗል፤ ከላይ የሚደግፋት ጤና ጣቢያ አለ፤ ከዚያም አልፎ ቤተሰቦችን አሠልጥና ሞዴል የማድረግ ሥራ ተሰጥቷታል፤ የተማረችውን ማስተማር የሥራዋ ዋና ክፍል ሆነ ማለት ነው። በጉና ተዳፋት ላይ ከቤት ቤት የምትሄድ ባለሙያ ሊደክማት፣ ዕድገቷም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶባት ሊሆን ይችላል፤ ቆይቶ ወደ ደረጃ አራት የማሳደጉ ሥልጠና መምጣቱ የዚሁ ቅሬታ ምላሽ ነበር። ማዕረግ የሌለው ሙያ እንደማይጸና ጋፋት ላይ የታየው እዚህም ተደግሟል፤ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ሥርዓቱ ዘግይቶም ቢሆን መልስ መስጠቱ ነው።

የቀረው ጥያቄ የገንዘብ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራው ሥልጠናን በሁለት ከፍሎ ያያል፤ አንዱ በየትኛውም ድርጅት የሚያገለግል አጠቃላይ ክህሎት፣ ሌላው ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ልዩ ክህሎት ነው። አጠቃላዩን ክህሎት ድርጅት ለማሠልጠን ይሳሳል፤ ሠራተኛው ሌላ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ወጪውን ያወጣው አንዱ፣ ትርፉን የሚያገኘው ሌላው ይሆናልና። የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ወጪውን በሰፊው በማካፈል ነበር፤ መምህሩ ክፍያ አይጠይቅም፣ ተማሪው ያገለግላል፣ ምግቡን የሚሰጠው መንደር ደግሞ ምሩቁ ወደ ሌላ አገር እንደሚሄድ እያወቀ ይሰጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመረጡት መፍትሔ የአገልግሎት ግዴታ ውል ነው፤ ለትምህርት የተላከ ሠራተኛ ለተወሰኑ ዓመታት ተመልሶ እንዲያገለግል ይፈርማል። ውሉ ሰውየውን ያቆየዋል፤ ዕውቀቱ ለባልደረባው እንዲሻገር ግን የሚያስገድደው ነገር በውሉ ውስጥ የለም። ግዴታው በዓመት ብቻ ከሚቆጠር፣ ሠልጣኙ ባሠለጠናቸውና በምዘና ባለፉ ተተኪዎች ጭምር ቢቆጠር፣ ሁለት ሰው ተክቶ በጊዜ የሚሄድ ባለሙያ ማንንም ሳያስተምር አምስት ዓመት ከሚቀመጠው ይልቅ ለመሥሪያ ቤቱ በጠቀመ ነበር።

በግሉ ዘርፍ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የትብብር ሥልጠና የሚለው አሠራር ሠልጣኙ 70 ከመቶ የሚሆነውን ጊዜ በሥራ ቦታ፣ 30 ከመቶውን በኮሌጅ እንዲያሳልፍ ይጠይቃል፤ ሐሳቡ ከምድጃው ፊት አብሮ የመቆምን አስፈላጊነት የተረዳ በመሆኑ ትክክል ነው። ይሁንና ደብረ ታቦርን በመሰለ ከተማ ያሉት ጋራዦች፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ቤቶች ባለቤቱና ሁለት ሦስት ሠራተኞች የሚሠሩባቸው ጥቃቅን ድርጅቶች ናቸው። ለባለ ጋራዡ አንድ ሠልጣኝ ማለት የሚበላሽ ብሎን፣ የሚባክን ሰዓት፣ ደንበኛ ፊት የሚጠፋ ስም፣ በመጨረሻም ከጎኑ ሱቅ ከፍቶ የሚወዳደረው ሰው ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ ይመጣል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያም ጎማ ሲያጥብና ሻይ ሲያመጣ ጊዜው ያልቃል። ይህን በስብሰባና በግንዛቤ ማስጨበጫ መለወጥ አይቻልም። ኮሌጁ ለጋራዡ የማይገኝ መሣሪያ በውሰት ቢሰጥ፣ ሠልጣኙ ለሦስት ሳምንት ሳይሆን ለሙሉ ዓመት በአንድ ቤት ቢመደብና ከመጀመሪያው ወራት በኋላ ለባለቤቱ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ ቢኖረው፣ ዲፕሎማ የሌለው ነገር ግን ሞተር በድምፁ ብቻ የሚያውቀው አንጋፋ መካኒክም በምዘና ብቃቱ ተረጋግጦ የአሠልጣኝነት ደረጃና ከዚያው ጋር የሚሄድ ክፍያ ቢያገኝ፣ የባለ ጋራዡ ስሌት ይለወጣል።